ሞተር ይጠይቃል፣ ኮንትሮለር ይችላል

የሪሞት ትራክ ሞተር ለመግዛት የመጣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ትልቁ ቁጥር ላይ ነው። አንዱ ሞተር 3500 ኬቪ፣ ሌላው 2200 ኬቪ የሚል ከሆነ፣ ባለ ትልቁ ቁጥር ጉልበታም መስሎት እሱን ያነሳል። ኬቪ ግን የጉልበት መለኪያ አይደለም። ሞተሩ ምንም ሳይጎትት ለአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ነው የሚነግረን። የመጀመሪያው በባለ 3 ሴል ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ፣ ማለትም በ11.1 ቮልት፣ 38,850 ዙር ይዞራል። ሁለተኛው በባለ 4 ሴል፣ በ14.8 ቮልት፣ 32,560 ዙር ይዞራል። መደርደሪያ ላይ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁት ሁለት ሞተሮች ሜዳ ላይ ሲወጡ ይቀራረባሉ። 5 ኪሎ የሚመዝን ትራክ ላይ ሲታሰሩ ደግሞ ረጅም ሣር ውስጥ ገብቶ ሳይግል የሚወጣው ባለ ትንሹ ቁጥር ነው።

*

የድሮው ሞተር ካርቦን ነበረው። ካርቦኑ እየተፋተገ ኤሌክትሪኩን ከአንዱ የሽቦ ጥቅል ወደ ሌላው ያዛውርለት ስለነበር፣ ሁለቱን ሽቦዎች ባትሪ ላይ ካስነኩት ሞተሩ በራሱ ይዞራል። ካርቦን የሌለው ብራሽለስ ሞተር እንዲህ አይደለም። ማግኔቱ ከሚዞረው ዘንግ ላይ፣ ጥቅሉ ከማይንቀሳቀሰው አካል ላይ ነው። የትኛው ጥቅል መቼ ኤሌክትሪክ ይድረሰው የሚለው ውሳኔ በባትሪውና በሞተሩ መካከል የሚታሰረው የኮንትሮለሩ ሆኗል። ባለ 4 ፖል ሞተር በደቂቃ 35,000 ዙር ሲዞር፣ ኮንትሮለሩ በእያንዳንዱ ሰከንድ 7,000 ጊዜ ኤሌክትሪኩን ከጥቅል ወደ ጥቅል ይቀይራል። ስለዚህ ሞተሩን ገዝቶ «ኮንትሮለሩ ኋላ ይደርሳል» የሚል ሰው ግማሽ ሞተር ነው ይዞ የሄደው።

*

ትንሹ ቁጥር ለምን ይጎትታል? 9.55 ለኬቪው ሲካፈል፣ ሞተሩ በአንድ አምፔር የሚሰጠውን የመጠምዘዝ ጉልበት በኒውተን ሜትር እናገኛለን። 2200 ኬቪ ላይ 0.0043 ነው፤ 3500 ኬቪ ላይ 0.0027። ሁለቱ እኩል ሸክም እኩል በሆነ ማርሽ እንዲያነሱ ብናዛቸው፣ ባለ ትልቁ ቁጥር አንድ ተኩል እጥፍ የሚበልጥ አምፔር ይጠይቃል። አምፔር ደግሞ ሙቀት ነው። ሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት የሚያድገው አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ ነውና፣ አምፔሩ በእጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህንኑ ከባትሪው ወገን ብናየው፣ 1,000 ዋት ለማውጣት ባለ 2 ሴል ባትሪ 135 አምፔር መስጠት አለበት። ባለ 4 ሴሉ 68፣ ባለ 6 ሴሉ 45 አምፔር ይበቃዋል። የከባድ ትራኮች አምራቾች ሁሉ ወደ ብዙ ቮልትና ወደ ትንሽ ኬቪ የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። የትራክሳስ ትልቁ ትራክ ኤክስ-ማክስ ከባትሪው ጋር ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል፤ የተገጠመለት ሞተር 1200 ኬቪ ብቻ ነው። ግን ሁለት ባለ 4 ሴል ባትሪ ተቀጣጥሎ 29.6 ቮልት ስለሚሰጠው 35,520 ዙር ይዞራል። የዚያው አምራች ቀላል ትራክ ስላሽ ደግሞ 3500 ኬቪ ሞተር በ11.1 ቮልት ይዞ 38,850 ዙር ላይ ነው። መንገዳቸው ሌላ ነው፣ የሚደርሱበት ግን ጎረቤት ነው። ይህን ካየሁ ወዲህ ሞተር የሚጠይቀኝን ሰው «ትራክህ ስንት ኪሎ ነው? ባትሪህስ ስንት ሴል?» ሳልል ስለ ኬቪ አላወራም።

*

አንድ ሻጭ ለአንድ ወጣት ሲመክር ሰማሁ፦ «120 አምፔር ኮንትሮለር ካሰርክበት ይሄን ትንሽ ሞተር ያቃጥልብሃል፤ 60 አምፔሩን ውሰድ።» ወጣቱ አመነ፤ ገንዘቡን ከፍሎ ሄደ። በዚህ ሥራ እንደዚህ ምክር የሚያናድደኝ የለም፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና። ኮንትሮለሩ ላይ የተጻፈው አምፔር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ሳይሆን ሊሸከመው የሚችለው ነው። አምፔሩን የሚጠይቀው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩን የሚያስጠይቀው ደግሞ ሸክሙ፣ ማርሹና ጎማው። መቶ ኪሎ የሚችል ሸክም ተሸካሚ ሃምሳ ኪሎ ጤፍ ቢያነሳ ጤፉ ምንም አይሆንም። ሃምሳ ብቻ የሚችለውን መቶ ብናሸክመው ግን ወገቡ ይሄዳል። 120 አምፔር የሚችለው ኮንትሮለር ትንሹን ሞተር ቀዝቀዝ ብሎ ይነዳዋል። በዚያ ልጅ እጅ የሚቃጠለው 60 አምፔሩ ነው፤ ያውም ለአሸዋና ለዳገት ብሎ ለገዛው ትራክ።

ማሸጊያው ላይ ሁለት የአምፔር ቁጥር አለ። አንዱ ሳያቋርጥ የሚችለው፣ ሌላው ለቅጽበት የሚችለው ነው። በትልቁ የሚታተመው አንዳንዴ የቅጽበቱ ሊሆን ይችላል። ያለማቋረጥ የሚለውን ፈልጎ ማንበብ ነው የሚያዋጣው።

*

ከአምፔሩ ይልቅ ድርድር የማያውቀው ቮልቱ ነው። በአምፔር የተጨነቀ ኮንትሮለር መጀመሪያ ይሞቃል፤ ጥሩ ከሆነም ራሱን አጥፍቶ ያስጠነቅቃል። ከተፈቀደለት ቮልት በላይ የተሰጠው ግን ጊዜ የለውም። ለ4 ሴል የተሠራው 6 ሴል ሲሰካበት ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ወዲያው ይበሳሉ። ሙሉ የተሞላ አንድ ሴል 4.2 ቮልት ነው። ስለዚህ 6 ሴል ማለት 22.2 ሳይሆን በተሰካበት ሰዓት 25.2 ቮልት ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው አለ። ባትሪውን ወደ ኋላ ለማዛወር ሲባል በባትሪውና በኮንትሮለሩ መካከል ያለው ሽቦ ይቀጠላል። ኮንትሮለሩ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየቆረጠ እየቀጠለ ስለሚወስድ፣ ረጅም ሽቦ በቆረጠ ቁጥር ቮልቱን ያዘልለዋል። ያንን ዝላይ የሚውጡት ከኮንትሮለሩ አፍ ላይ የተበየዱት ሲሊንደር መሰል ካፓሲተሮች ናቸው። ሽቦው ሲረዝም እነሱ ይግላሉ፣ አናታቸው ያብጣል፣ በመጨረሻም ትራንዚስተሮቹ ያለ መከታ ይቀራሉ። ሽቦ ማስረዘም ግድ ከሆነ በሞተሩ በኩል ማስረዘም ይሻላል። ያገለገለ ኮንትሮለር ስመለከት ከሁሉ በፊት የማየው የካፓሲተሮቹን አናት ነው፤ ጠፍጣፋ ካልሆነ አልገዛውም።

*

ሞተር ላይ የሚታተመው 3650፣ 3660፣ 3674 የሚለው ቁጥር የአካሉ ልክ ነው። 36 ሚሊ ሜትር ውፍረት፤ 50፣ 60፣ 74 ሚሊ ሜትር ርዝመት። የድሮን ሞተር ላይ ግን ተመሳሳይ ቁጥር የሚለካው የውስጡን የሽቦ ጥቅል ማቀፊያ ነው፤ ከድሮን ወደ ትራክ የመጣ ሰው ይህን ልብ ይበል። ኬቪያቸው እኩል ከሆነ ረጅሙ ሞተር ብዙ መዳብና ብዙ ማግኔት ስላለው ሙቀቱን ይችላል። ምርጫ ካለ ሰውነቱ የሚበልጠውን እወስዳለሁ፤ ክብደቱ ትራኩ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ከሚያስገኘው ዕድሜ ያንሳል።

*

ቀስ ብሎ መንዳት ኮንትሮለሩን ያሳርፈዋል ብሎ የማያስብ ሰው አላጋጠመኝም ማለት ይቻላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ኮንትሮለር የሚሞተው በዚህ ግምት ነውና።

እሑድ እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከአንድ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ጀርባ የድንጋይ ክምር ላይ ልጆች ትራካቸውን ያስወጣሉ። አንዱ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ወላጆቹ ከጎንደር የመጡ፣ እሱ እዚያው የተወለደ። ባትሪው ላይ የዋት መለኪያ አስሯል፤ በጣም የተጠነቀቀ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እዩት፤ 15 አምፔር ብቻ ነው የሚወስደው። ኮንትሮለሩ 60 ይችላል። ለምንድነው የሚፈጀው?» አለኝ። ጣቴን ኮንትሮለሩ ላይ አስቀምጬ ሦስት እስክቆጥር እንኳ መያዝ አልቻልኩም። ማራገቢያው እየዞረ ነው። ከሞተሩ ደግሞ ያ ሞተር ያጠነጠነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ይመጣል።

መለኪያው አልዋሸም፤ የለካው ግን የባትሪውን ሽቦ ነው። የሪሞቱ ቃታ ሩብ ድረስ ሲሳብ ኮንትሮለሩ ባትሪውን ከጊዜው ሩብ ብቻ ይከፍተዋል። 14.8 ቮልት ለሞተሩ እንደ 3.7 ቮልት ይደርሰዋል። ከባትሪው የወጣው 222 ዋት በዚያ በትንሹ ቮልት ሞተሩ ዘንድ ሲደርስ 60 አምፔር ይሆናል፤ በመንገድ የሚባክነውን ትተን ማለት ነው። የሚዘጋበት ጊዜ ሲመጣም የሞተሩ አምፔር አይቆምም፤ በኮንትሮለሩ ውስጥ እየተሽከረከረ ይቀጥላል። ስለዚህ ባትሪው 15 ሲያይ፣ ትራንዚስተሮቹና ጥቅሎቹ 60 ይሸከማሉ። ቃታው እስከ መጨረሻው ሲሳብ ብቻ ነው ሁለቱ የሚገናኙት።

ለልጁ ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየሁት፤ ቶሎ ነው የገባው። መድኃኒቱ ትልቅ ኮንትሮለር ሳይሆን ትንሽ ፒንየን፣ ማለትም በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚገባው ባለ ጥርስ ማርሽ፣ ነበር። ማርሹ ሲያጥር ሞተሩ ያንኑ ድንጋይ ለመውጣት በፍጥነት መዞር አለበት፤ ቃታው ወደ መሐል ይመጣል፤ የሞተሩ አምፔር ይወርዳል። ከጥርሱ ለውጥ በኋላ ሞተሩን እጁን ሳያነሳ ይዞ ሲስቅ አየሁት። ይህ ልጅ በትምህርት ቤት ዋትና ቮልት ሲማር ከሁሉ የተለየ ዓይን ይኖረዋል፤ እኔ ይህን መጫወቻ የምወደው በዚህ ነው።

*

ጎማ ማርሽ ነው። 110 ሚሊ ሜትር የነበረውን ጎማ አውጥቶ 140 የሚያስገባ ሰው፣ አንድ ጥርስ ሳይነካ ማርሹን 27 በመቶ አስረዝሟል። ጎማው ሲያምር እንጂ ሞተሩ ሲቃትት አይታየውም። ለስላሳ ጎማ በፍጥነት ሲዞር በራሱ ጊዜም ያብጣል፤ ውስጡ ክር የተጠመጠመበት ጎማ ካልሆነ በስተቀር፣ ሞተሩ በጣም በደከመበት ሰዓት ማርሹ ይበልጥ ይረዝምበታል።

የጥርሱም ሒሳብ ቀላል ነው። ትልቁ ማርሽ 54 ጥርስ፣ ፒንየኑ 18 ሲሆን አንድ ለ3 ነው። ፒንየኑን 20 ካደረግነው 2.7 ይሆናል። ሁለት ጥርስ ብቻ ናት፣ ግን አሥር በመቶ ናት። አዲስ ሞተርና አዲስ ኮንትሮለር ሲጣመሩ በትንሹ ፒንየን ጀምሮ፣ አምስት ደቂቃ ነድቶ፣ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ሁለቱንም መለካት ነው። ሞተሩ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሆኖ ኮንትሮለሩም ለብ ካለ፣ አንድ ጥርስ ይጨመራል። ከዚህ የተሻለ የማዛመጃ ዘዴ አላውቅም። ሠንጠረዥ ስለ ትራካችን፣ ስለምንነዳበት አፈርና ስለ ዕለቱ ፀሐይ አያውቅም።

*

ቆሞ የነበረ ትራክ ሲነሳ እንደሚንቀጠቀጥ አይታችሁ ይሆናል፤ ጉርር… ጉርር ብሎ በድንገት ይወረወራል። ሴንሰር የሌለው ኮንትሮለር ማግኔቱ የት እንዳለ የሚያውቀው፣ ሞተሩ ሲዞር ራሱ ከሚያመነጨው ቮልት ነው። ያልዞረ ሞተር ምንም አያመነጭም። ስለዚህ ኮንትሮለሩ መነሻ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይሞክራል፤ ካልተሳካለት ይደግማል። ለሜዳ ትራክ ይህ የሰከንድ ክፋይ ጉዳይ ነው። ድንጋይ ለሚወጣ ክራውለር ግን ሥራው ሁሉ መነሻ ነው። እዚያ ሴንሰር ያለው ሞተር፣ ሴንሰር ከሚያነብ ኮንትሮለር ጋር ግድ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሴንሰር ቢኖረው ትርፉ ለትንሿ ገመድ የተከፈለው ገንዘብ ብቻ ነው።

ካስትል ክሪኤሽንስ መሐለኛውን መንገድ መርጧል፤ ኮንትሮለሩ በሴንሰር ይነሳና ፍጥነት ሲይዝ ሴንሰሩን ትቶ በሞተሩ ቮልት ይሄዳል። ለመካከለኛ ትራክ ይህ ደስ ይለኛል።

*

ሴንሰር የሌለው ሞተር በተቃራኒ ቢዞር ከሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች ማናቸውንም ሁለቱን ማለዋወጥ ይበቃል። ሴንሰር ባለው ሞተር ግን ይህ ክልክል ነው። ኤ ከኤ፣ ቢ ከቢ፣ ሲ ከሲ ጋር ካልተገናኙ ሴንሰሩ አንድ ነገር እየተናገረ ጥቅሉ ሌላ ይሠራል፤ በሰከንዶች ውስጥ አንዱ ሊቃጠል ይችላል። አቅጣጫው የሚቀየረው በኮንትሮለሩ ማስተካከያ ነው።

*

የታሚያ ክሎድ በስተር በ1987 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በፊትና በኋላ አክሰሉ ላይ አንድ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ሞተር ነበረው። ሞተሮቹ ካርቦን ያላቸው ስለነበሩ ከአንድ ኮንትሮለር ሁለቱን መንዳት ይቻላል። እስከ ዛሬ ይህን ትራክ የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ብራሽለስ ሊያደርጉት ሲነሱ ሁለቱን ሞተር ከአንድ ትልቅ ኮንትሮለር ጋር ለማሰር ያስባሉ። አይሆንም። ሁለቱ ዘንጎች በአንድ ቅጽበት አንድ ቦታ ላይ አይገኙም፤ ኮንትሮለሩ ደግሞ የአንዱን ብቻ ነው መከተል የሚችለው። የፊቱ ጎማ ድንጋይ ይዞት የኋላው ሲዞር ማንን ይስማ? ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱ ኮንትሮለር ያስፈልገዋል፤ ከሪሲቨሩ የሚመጣው ትእዛዝ ነው ለሁለት የሚከፈለው።

*

አንድ ያገለገለ ሞተር ሲሸጥ፣ ባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስነስቶ በሌዘር መለኪያ ዙሩን አሳየ። ሞተሩ 2200 ኬቪ ይላል፤ የለካው ግን ወደ 2,440 የሚጠጋ ነበር። «ሲሠራ ሲሠራ ተፈታ፤ ከአዲሱ ይበልጣል» ብሎ በቅንነት ተናገረ። ገዢውም ደስ አለው።

ይህ የድካም ምልክት ነው። የኒዮዲሚየም ማግኔት ተራው ዓይነት ከ80 ዲግሪ ጀምሮ ኃይሉን ለዘለቄታው ማጣት ይጀምራል፤ ሙቀት የሚችሉት ዓይነቶች እስከ 150 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሄዳሉ፣ ዋጋቸውም ያንኑ ያህል ይወደዳል። ቴርሞሜትሩ የሚያነበው ደግሞ የውጩን አካል ነው፤ መሐል ያለው ማግኔት ንፋስ አያገኘውም፣ ከዚያ በላይ ይግላል። ማግኔቱ አሥር በመቶ ሲዳከም ሞተሩ ለአንድ ቮልት የሚዞረው ዙር አሥራ አንድ በመቶ ይጨምራል፤ 2200 ወደ 2,440 የሚሄደው እንዲህ ነው። በዚያው ልክ ግን በአንድ አምፔር የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል። ያንኑ ትራክ ለመጎተት ብዙ አምፔር ይጠይቃል፤ ብዙ አምፔር ብዙ ሙቀት ያመጣል፤ ሙቀቱ ማግኔቱን እንደገና ይበላዋል። የመዳቡም ሽቦ አያግዝም፤ ከ25 ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ለኤሌክትሪክ ያለው እምቢታ ወደ 30 በመቶ ይጨምራል።

የሚያሳዝነኝ ጥፋቱ በመጨረሻ የሚወድቀው ኮንትሮለሩ ላይ መሆኑ ነው። ትናንት በምቾት የነዳውን ሞተር ዛሬ መሸከም ሲያቅተው ሰው «ኮንትሮለሩ ርካሽ ነበር» ይላል፤ አዲስ ይገዛል፤ ከዚያው ከደከመው ሞተር ጋር ያስረዋል። ኮንትሮለር የተቃጠለበት ሰው አዲሱን ከማሰሩ በፊት የሞተሩን ኬቪ ያስለካ። ከተጻፈው በግልጽ ከበለጠ፣ ወንጀለኛው ያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

*

ባትሪም የሞተሩና የኮንትሮለሩ ጋብቻ ወገን ነው። 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ 50 ሲ የሚል ባትሪ በወረቀት 250 አምፔር ይሰጣል። ያ ወረቀት ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። እውነቱን የሚናገረው የውስጥ እምቢታው ነው፤ ጥሩ ቻርጀሮች በሚሊ ኦም ያሳያሉ። እያንዳንዱ ሴል 3 ሚሊ ኦም ከሆነ፣ ባለ 4 ሴሉ ባትሪ 100 አምፔር ሲጠየቅ 1.2 ቮልት ይወርዳል። ሴሎቹ ሲያረጁ ይህ እጥፍ ይሆናል፤ ኮንትሮለሩም ባትሪው ያለቀ መስሎት ትራኩን ሜዳ መሐል ያቆመዋል። ትራኩ ገና ቃታ ሲሳብ መሪው ከሞተና ወዲያው ከተመለሰ ደግሞ፣ ኮንትሮለሩ መሪውን ለሚያዞረው ሰርቮ የሚያካፍለው ትንሹ ኃይል አልበቃ ብሏል ማለት ነው።

*

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ለወንድም ልጅ ትራክ ይዞ የሚሄድ ሰው ከትራኩ ውጭ ያለውን ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አሽጎ መላክ አይችልም። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ፣ ጫፉ ተሸፍኖ ነው የሚጓዘው። ልኩም በዋት ሰዓት ነው። ባለ 4 ሴል 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከ100 በታች ያልፋል። ባለ 6 ሴሉ 111 ነው፤ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያም ከሁለት አይበልጥም። እንግዲህ ለአዲስ አበባ ልጅ የሚሆን ትራክ ሲመረጥ የቮልቱ ውሳኔ ከአየር ማረፊያው ይጀምራል። በባለ 4 ሴል የሚሄድ፣ ወደ 2200 ኬቪ የሚጠጋ ሞተር ያለው ትራክ ባትሪው ሲደክም ምትክ ለመላክ አያስቸግርም።

እዚያ ሲደርስም አየሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ስትሆን አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው። በናይትሮ ነዳጅ የሚሠራ ትራክ ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ካርቡረተሩም እንደገና መስተካከል አለበት። የኤሌክትሪኩ ትራክ ጉልበቱን አያጣም፤ ማቀዝቀዣውን ግን ያጣል። የኮንትሮለሩ ማራገቢያ ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ሜሪላንድ ላይ ልኩን የያዘ ማርሽ እንጦጦ ዳገት ላይ በአንድ ጥርስ መቀነስ አለበት ባይ ነኝ።

*

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካደረገች ወዲህ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል። እነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ባለ ማግኔት ሞተርና ኤሌክትሪኩን በሦስት ሽቦ የሚያከፋፍልለት ኮንትሮለር ነው፤ ቮልቱ በመቶዎች ይቆጠራል፣ ሕጉ ግን ያው ነው። ቮልቱ ሰው ይገድላልና ተለማማጅ መካኒክ ገብቶ አይሞክርበትም። የጠረጴዛ ትራክ ላይ ግን ማርሽ ቀይሮ ሙቀቱ ሲወርድ፣ ሽቦ አስረዝሞ ካፓሲተሩ ሲግል፣ ማግኔቱ ደክሞ ዙሩ ሲጨምር በጣቱ ማየት ይችላል። የሙያ ትምህርት ቤቶች አንድ ባለ 3 ሴል ትራክ፣ አንድ የዋት መለኪያና አንድ ቴርሞሜትር ቢኖራቸው ምንኛ ደስ ባለኝ።

*

ሆቢዊንግ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሞተሩንና ኮንትሮለሩን በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ ፊውዥን በሚል ስም ለክራውለር ይሸጣል። ሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች ጠፍተዋል፤ ከውጭ በዋናነት የሚታየው የባትሪውና የሪሲቨሩ ገመድ ነው። ኮንትሮለሩ የሚነዳውን ሞተር ከፋብሪካ ጀምሮ ስለሚያውቀው ለእያንዳንዱ ጥቅል የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ መጥኖ ይሰጣል፤ ትራኩ ከድንጋይ ላይ ሳይንቀጠቀጥ ይነሳል፣ ቃታውን ሲለቁትም ቁልቁለት ላይ ይቆማል። ለጀማሪ ልጅ ክራውለር ከዚህ የተሻለ አልመክርም፤ የማዛመድ ጭንቀቱን ሁሉ ያነሳለታል።

ለሞንስተር ትራክ ግን አልፈልገውም። ሞተሩ ሲግል ኮንትሮለሩም አብሮ ይግላል፤ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱም ይጣላሉ። 5 ኪሎ ለሚመዝነው ትራኬ 42 በ74 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞተር፣ 2200 ኬቪ፣ ባለ 4 ሴል ባትሪ፣ እስከ 6 ሴል የሚችል 150 አምፔር ኮንትሮለር አስሬአለሁ። ኮንትሮለሩ የሚችለውን ሁሉ ተጠይቆ አያውቅም፤ የገዛሁትም ለዚያው ነው።